ባለቀለበቷ ሽመላ

«ምንቃሯን ተጠንቀቅ! ዓይን ታወጣለች ይቺ» ይላሉ ጋሽ ኦልጅራ። ሽመላዋን በጋቢያቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈዋታል። ከጋቢው ውጭ የቀረው አንድ ረጅም ቀይ እግሯ ነው፤ እሱም በአጥር ሽቦ ተተብትቧል። እኔ ረግረጉ ዳር ተንበርክኬ በፒንሳዬ ሽቦውን እቆርጣለሁ። ሚስታቸው እትዬ ገዲሴ እግሯን ይዘውልኛል።

የመጨረሻው ሽቦ ሲበጠስ ከሥሩ አንድ የብረት ቀለበት ብቅ ይላል።

«ባለትዳር ናት እንዴ?» እላለሁ። ማንም አይስቅልኝም። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ስጠርገው ጽሑፍ አለበት።

«አንብበው እንጂ! ለምን ተማርክ?» ይላሉ እትዬ ገዲሴ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ መንደራችን ላፍቶ ግን እንደ ሚኒስትር ያስነብበኛል። የፈረንጁን ፊደል አንድ በአንድ እለቅማለሁ። «ሞ... ስ... ክ... ዋ። ሞስኮ! ከዚያ በኋላ ቁጥር ነው።»

እትዬ ገዲሴ ወደ ቀለበቱ ጎንበስ ይላሉ። ልጃቸው ሮበሌ መንግሥት ለትምህርት ሞስኮ ከላከው አምስት ዓመቱ ነው። ደብዳቤዎቹን የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ የመጨረሻው ከመጣ ሁለት ፋሲካ አልፏል። አሮጌዎቹን እየደጋገምኩ አነብላቸዋለሁ፣ አንዳንዴም ከራሴ ጨመር እያደረግኩ።

«በፒንሳህ ፈልቅቅልኝ» ይላሉ ቀስ ብለው።

«ምኑን?»

«ቀለበቱን። እሱ ካለበት አገር የመጣ ነው። ሳጥኔ ውስጥ ላስቀምጠው።»

«ቀበሌ ቢሰማስ?» ይላሉ ጋሽ ኦልጅራ። «የውጭ አገር ጽሑፍ ነው እኮ።»

«ቀበሌ ከሰማማ ሽመላዋንም ስብሰባ ያስቀምጧታል» እላለሁ። አሁን ጋሽ ኦልጅራ ይስቃሉ። እትዬ ገዲሴ ግን ፒንሳውን እያዩ ነው።

«እትዬ ገዲሴ፣ በሬዲዮ የሰማሁት ነገር አለ» እላለሁ። «የእነዚህን ወፎች ነገር አንድ አገር ብቻውን አይችለውም ይላል። እዚያ ይፈለፈላሉ፣ መንገድ ላይ ያርፋሉ፣ ብርዱን ሸሽተው እኛ ጋ ይከርማሉ። አንዱ አገር ረግረጉን ቢያደርቅ የሌላው አገር ጎጆ ባዶውን ይቀራል። ለዚህ ተስማምተው ነው ቀለበት የሚያስሩላቸው። ያገኘ ሰው ቁጥሩን ጽፎ ይልካል፤ ወፏን ከነቀለበቷ ይለቃታል።»

«ባይልክላቸውስ?»

«የት እንደገባች አያውቁም።»

«ሞተች ይላሉ?»

«ሞተችም አይሉ፣ አለችም አይሉ። ይጠብቃሉ።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

እትዬ ገዲሴ ቀለበቱን እግሯ ላይ ያዞሩታል። አንዴ። እንደገና። አፉ በደንብ አልገጠመም፤ ፒንሳዬ ትንሽ ቢጫነው ይከፈታል። ሽመላዋ ጋቢው ውስጥ ምንቃሯን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ከበላያችን መንጋው እየዞረ፣ እየዞረ ከፍ ይላል። የካቲት ነው፤ መሄጃቸው ደርሷል።

«የሰው ከብት ባዝኖ ግቢያችን ሲገባ» ይላሉ በመጨረሻ፣ «ምልክቱን እንፍቃለን እንዴ? አብልተን፣ አጠጥተን፣ እኛ ጋ አለ ብለን ለባለቤቱ እንልካለን።» ቀና ብለው ያዩኛል። «ፒንሳህን ኪስህ ክተትና ጻፍ፣ ወጋየሁ።»

በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ቁጥሩን እገለብጣለሁ። የቀረውን እሳቸው ያስጽፉኛል፦ «ልጃችሁ ላፍቶ ነበረች። ጠግባ ነው የከረመችው። እግሯ ትንሽ ተጭሯል እንጂ ደህና ናት። ዛሬ ወደ እናንተ ሸኝተናታል።»

እርሳሴን ከወረቀቱ ሳላነሳ የሮበሌን ስም እጠብቃለሁ። አይመጣም።

«ሌላ የሚጨመር የለም? አደራ፣ ምናምን?»

«እነሱ የጠየቁት ልጃቸውን ነው» ይላሉ። «የልጃቸውን ንገራቸው።»

ጋሽ ኦልጅራ ጋቢውን ይከፍታሉ። ሽመላዋ ሦስት አራት እርምጃ ታነክሳለች፣ ከዚያ ትሮጣለች፣ ከዚያ መሬቱ ይለቃታል። ጥላዋ በታጨደው የጓያ ማሳ ላይ ሸርተት ብሎ ያልፋል። መንጋው ውስጥ ስትገባ የትኛዋ እንደሆነች መለየት ያቅተኛል።

«ያቺውት» ይላሉ እትዬ ገዲሴ፣ በግራ እጃቸው ወደ ሰማይ እያሳዩ።

«አዎ» እላለሁ። «እሷ ናት።»

ቀኝ እጃቸው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው አሁንም እግሯን እንደያዙ ነው፤ ገጥመው፣ ክብ ሠርተው፣ ባዶውን ከበዋል።