ከሾፌሩ ራስ በላይ ያለው ሣጥን

ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር አያስፈልገውም ከተባለ ሦስት ዓመት አለፈው። ሾፌሩ ግን ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጋራዥ ድረስ ወርዶ፣ ከሾፌሩ ወንበር በላይ የተገጠመ ግራጫ ሣጥን አሳየው። የጫማ ካርቶን ያክላል። ፊቱ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ትበራለች፤ ጎኑ ላይ ትንሽ የቁልፍ ቀዳዳ አለው።

«እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይገጠም ተብሎ ከላይ ትእዛዝ ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይኸው ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነው፤ ተገጥሟል። ከነገ ጀምሮ የሚነዳው እሱ ነው።»

«እኔስ?»

«አንተማ መሪህን ይዘህ ትቀመጣለህ። ሕዝቡ ባዶ ወንበር ካየ ይደነግጣል፤ ቀስ እያለ ይለምዳል።»

«እግሬስ?»

«እግርህም የድሮ ቦታው ይሁን። ሁሉንም ድሮ እንደምታደርገው አድርግ። እጅህን ከመሪው ካነሳህ ግን በማግስቱ ትሰናበታለህ።»

ሾፌሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ሃያ ሰባት ዓመት ነድቷል። ሰው ቀርቶ ዶሮ አልገጨም። ተሳፋሪው «ጋሽ ቀስታ» የሚል ስም ያወጣለትም ለዚሁ ነው። በስተርጅና አሻንጉሊት ሆነህ ተቀመጥ መባሉ ቅስሙን ሰበረው። ግን ሌላ ሙያ የለውም፤ ቤት ውሎም አያውቅ። ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ተቀመጠ።

ሰው ሲለምድ ይገርማል። መሪው በእጁ ውስጥ ይዞራል፤ ማን አዟሪ ማን ተከታይ እንደሆነ መለየት አይቻልም። እሱ ግራ ልታጠፍ ነው ብሎ ሲያስብ፣ ማሽኑም ያንኑ አስቦ ይገኛል። «መንገዱን በደንብ ነው የሚያውቀው» ይላል ሾፌሩ በሆዱ፣ ቅር እያለው።

ጎበዝ ነው፤ ይህን አይክድም። አንድ ቀን ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ጎረምሳ ዘው ብሎ አስፋልቱ መሀል ገባ። አውቶቡሱ አንድ ክንድ ሲቀረው ቀጥ አለ። የሾፌሩ እግር ፍሬኑ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ኋላ የተቀመጡ እናት «እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉት። ሣጥኑን ቀና ብሎ አየና አፈረ።

ጉድለትም አያጣውም። ሾፌሩን ሲያስነጥሰው፣ አንዳንዴ አውቶቡሱ ወደ ቀኝ ሸርተት ይላል። አምና ወንድሙ የሞተ ሰሞን ደግሞ ማሽኑ ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን እንደደፋ ሰው እየተጎተተ ሄደ። ሾፌሩ ሆዱ ባባ። ብረትም ያዝናል ማለት ነው ብሎ፣ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሣጥኑን በጨርቅ ይወለውልለት ጀመር። ጉንፋን ጥሎት አራት ቀን የቀረ ጊዜ ሰባት ቁጥርም ለጥገና ተብሎ ቆመ። መልካም ግጥምጥሞሽ ነው፤ ተሳፋሪ ባዶ ወንበር ሳያይ ቀረ።

ችግሩ የመጣው ከሽልማቱ ጋር ነው። ድርጅቱ ሠላሳ ዓመት ያለ አደጋ ለነዳ ሾፌር በአዳራሽ ሜዳሊያ ሊሰጥ ሆነ። ሚስቱ ቀሚስ አሰፋች፣ ልጆቻቸውን ጠራች፣ ሰፈሩን በወሬ አጥለቀለቀችው። ሾፌሩ እህል አልወርድ አለው። በመጨረሻ ተናዘዘላት።

«ሦስቱ ዓመት የእኔ አይደለም» አላት። «የማሽኑ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ ነው የከረምኩት።»

«ወግድ። ስንት ዓመት ከኋላህ ተቀምጫለሁ። ዳገቱን ስትጨርስ እፎይ ትላለህ፣ አውቶቡሱም አብሮህ እፎይ ይላል። አነዳድህን በወገቤ ነው የማውቀው።»

«ከኔ ተምሮ ነዋ።»

«አንተን እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተምሬ አልጨረስኩህም፤ ሣጥን ይማርሃል?»

ቢምል ቢገዘት አላመነችም። እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ የሌላውን ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ማንጠልጠል አልሆነለትም። «ነገ ነይና በዓይንሽ እይ» አላት። «ትልቁ ቁልቁለት ላይ እጄንም እግሬንም አነሳለሁ። ከዚያ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።»

በማግስቱ ሚስቱ ከኋላው ተቀመጠች። አውቶቡሱ ጢም ብሏል። አርባ አንድ ሰው፣ የጎመን ዘንቢል፣ አንድ የተኛ ሕፃን። ትልቁ ቁልቁለት ሁለት ጠባብ ኩርባ አለው፤ ከታች ድልድይ ነው። ከእሱ በፊት ያለው የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲቆሙ፣ ሾፌሩ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እንግዲህ ከዚህ ስንነሳ ነው» አላት ዞር ብሎ።

«አቤት ግትርነት» አለች ሚስቱ። «በል እሺ፤ እያየሁህ ነው።»

በሩን ሊዘጋ ሲል የጋራዡ ቴክኒሺያን በላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን ታቅፎ እያለከለከ ገባ።

«ጋሽ ቀስታ፣ ጋራዥ ፈልጌ አጣሁህ፤ በሞተር ብስክሌት ተከትዬህ ነው የመጣሁት። አንዴ እንዳትነሳ።»

ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ግራጫውን ሣጥን ከፈተው። ሾፌሩም ሚስቱም አንጋጠው አዩ። ውስጡ አንዲት ባትሪና ከአረንጓዴዋ መብራት ጋር የተያያዘች ቀጭን ሽቦ ነበሩ። ሌላ ምንም የለም።

«እንግዲህ ይቅርታ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አለፋንህ» አለ ቴክኒሺያኑ ላስቲኩን እየቀደደ፤ «ማሽኑ ገና ዛሬ ጠዋት ነው ከጉምሩክ የወጣው።»