የአምስተኛው ቅጽ ቁልፍ

ፋርማሲስቷ ቅዳሜ ከሰዓት መድኃኒት ቤቷን ትዘጋና ከኋላ ባለችው ጠባብ የዕቃ ክፍል ወንበር ትደረድራለች። ሰባት ሰው ይመጣል። ሁሉም የአንድ ሟች ደራሲ እብዶች ናቸው።

ደራሲው «የሩቅ ቤት» የሚባል ባለ አምስት ቅጽ የሳይንስ ልብ ወለድ ጽፏል፤ ወደ ሩቅ ኮከብ ሄዳ መመለሻው የጠፋባት መርከብ ታሪክ ነው። አምስተኛው ቅጽ ማተሚያ ቤት ሳለ ሰውየው ሞተ። የእጅ ጽሑፉም የት እንደገባ አልታወቀም። ጣጣውን ሁሉ ያመጣው ይኸው አምስተኛው ነው።

ገና ሲጀምር የመርከቧ አዛዥ ይቀበራል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ቁጭ ብሎ ጢሙን ይላጫል። ከዚያ ታሪኩ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ፊት ይላል። ምዕራፎቹ ርዕስ እንጂ ቁጥር የላቸውም። ገጾቹም ቁጥር የላቸውም። መርከቧ ላይ ሰዓቱ ከተሰበረ ወዲህ ቁጥር ምን ይሠራል ብሎ ያስቀረው ራሱ ደራሲው ነው። ሁሉም ምዕራፍ ደግሞ ልክ አሥራ ስድስት ገጽ ነው፤ አንድ አያንስ፣ አንድ አይተርፍ።

ፋርማሲስቷ በዚህ ዝብርቅ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅታለች። እህቷ «ለሞተ ሰው ወረቀት ዕድሜሽን ገበርሽ» ትላታለች። እሷ ግን ደርሳበታለች፦ አምስተኛው ቅጽ ቁልፍ ነው። የምዕራፎቹ አካሄድ የቀሩት አራቱ በምን ተራ መነበብ እንዳለባቸው ይናገራል፤ ሦስተኛው መጀመሪያ፣ አንደኛው መጨረሻ። አሁን አሳታሚው አምስቱንም በአዲስ መልክ ሊያወጣ ነው፤ በእሷ ተራ፣ በእሷ መቅድም። ሰኞ ጠዋት ታስረክባለች። ከዚያ ወዲያ እህቷ ምን እንደምትል ይታያል።

ከሰባቱ መሃል ይህ ያልተዋጠለት የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብቻ ነው።

«ዶክተር፣ እኔ በወጡበት ተራ ነው የማነበው» አለ። «አምስተኛው ላይ ስደርስ ራሴን ያመኛል፤ ያኔ ደንበኛሽ እሆናለሁ።»

«ቁልፉን ስላልያዝክ ነዋ!»

ሁሉም ሳቁ። ባለሁለት ግን አልሳቁም።

ባለሁለት ከሁለት ወር ወዲህ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው፤ አንድ መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ ሌላ ትርፍ ደግሞ በክር አንገታቸው ላይ አለ። ይኼም አልበቃ ብሎ በየደቂቃው ሁለቱንም ይዳብሳሉ። ስለ ታሪኩ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። መጽሐፍ ሲሰጧቸው አያነቡም፤ ይገለብጡታል፣ ጀርባውን ለጠጥ አድርገው ውስጡን ያጮልቃሉ።

ፋርማሲስቷ ነገሩ ሲከነክናት ሰንብቷል። ሐሙስ ዕለት የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴው ቁርጡን ነገራት።

«አምስተኛውን? አንድም አልቀረኝ። ያ ባለ ሁለት መነጽር ሽማግሌ ጠራርጎ ወሰደው። በየሱቁ እየዞረ ነው አሉ።»

ገባት። አዲሱ ሲወጣ የመጀመሪያው እትም ዋጋው ጣራ ይነካል። እሷ ዕድሜዋን የጨረሰችበትን ነገር ሰውየው ሊነግድበት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መቀመጫ አጣች።

ቅዳሜ ገና ወንበራቸውን ሳይስቡ ያዘቻቸው።

«አባት፣ ስንት ደረሰልዎት?»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ምኑ፣ ልጄ?»

«አምስተኛው ነዋ! ሰብስበው ሊቸበችቡት አይደል?»

«አርባ ሦስት» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ለመሸጥ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንዎት ነው?»

መነጽራቸውን ዳበሱ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሷን ትልቅ የንባብ ተራ ሰንጠረዥ አዩ። ፊታቸው ላብ በላብ ሆነ።

«መቅድሙ... ትንሽ ቢቆይ አይሻልም?»

«ገበያዎ እስኪደራ?» ደሟ ፈላ። «ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይመጡ!»

ሽማግሌው ከፌስታላቸው አንድ አምስተኛ ቅጽ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሙጫ ሙጫ ይሸታል።

«ሳታስረክቢ በፊት እያት። እስከ መጨረሻው።»

«አንዷ ለጉቦ መሆኗ ነው» አለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው።

ባለሁለት ወጡ። እሷ መጽሐፉን ከሳል ሽሮፑ ካርቶን ጀርባ ወረወረችው።

እሑድ መቅድሙን አራት ጊዜ አነበበች። ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ተመላለሰች። እህቷ «ምን ነከሰሽ? ቁጭ በይ እንጂ!» አለቻት። ሰኞ ጠዋት አስረከበች።

ሐሙስ ከአሳታሚው ስልክ ተደወለ። «ማተሚያው ሥራ ጀምሯል፣ እንኳን ደስ አለሽ! ስምሽ የፊተኛው ገጽ ላይ ነው።»

በደስታ የምትሆነውን አጣች። ለእህቷ ደወለች፤ እህቷም ለመጀመሪያ ጊዜ «ጎሽ፣ የኔ እህት» አለቻት።

ከቀትር በኋላ ሽሮፕ ልታወርድ እጇን ስትሰድ መጽሐፉ እግሯ ሥር ወደቀ። ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አዛዡ ጢሙን ይላጫል።

ገጾቹን በፍጥነት ገለበጠች። ቀብሩ መጨረሻ ላይ ነው። ሽማግሌው መጽሐፉን በታትነው እንደገና ሰፍተውታል! በአርባ ሦስቱም ላይ ይህን ግፍ ሠርተው ይሆን?

የት ድረስ እንዳበላሹት ለማየት ማንበብ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ በሩ ላይ «እመለሳለሁ» የሚለውን ለጠፈች። ከኋላ ክፍሏ ከሰንጠረዡ ሥር ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አነበበች። መቶ ጊዜ ያነበበችው ያ ቀብር ላይ ስትደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ከኋላው ሽፋን ውስጥ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ነበር።

«ልጄ፣ ማተሚያ ቤት ሳለሁ የዚህን መጽሐፍ የታጠፉ ወረቀቶች፣ አንዱን ምዕራፍ ከአንዱ አስከትዬ ለስፌት የደረደርኩት እኔ ነበርኩ። ተራቸውን የምትናገረው ቁጥር እጥፋቱ ላይ በጣም ደቃቅ ሆና ነው የምትታተመው፤ ያን ቀን መነጽሬን ቤት ረስቼው ነበር።»