ትርፉ በምን ይከፈል?

በባንኩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሰብሳቢው ማይኩን ጨበጡ።

«ትርፉን በጥሬ ገንዘብ ካከፋፈልን ካዝናችን ይጎድላል። በአክሲዮን ከሰጠን ግን ያው ትርፍ ካፒታል ይሆናል፤ አንዲት ሳንቲም ከቤት አትወጣም!»

አንድ ታማሚ ሽማግሌ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አወጡ። «ጌታዬ፣ የእኔ ኩላሊት የሚታጠበው በብር ነው። ሆስፒታሉ አክሲዮን አይቀበልም።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

«አባዬ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ላውጣልህ» ብሎ ልጃቸው የድምፅ መስጫ ካርዳቸውን ተቀበላቸው።

«በጥሬ ገንዘብ ይሁን የምትሉ?»

ጥቂት ካርዶች ወጡ። ልጁ ካርዱን አላወጣም።

«በአክሲዮን የምትሉስ?»

ልጁ ካርዱን ከፍ አደረገ።

«ኧረ ተሳሳትክ ልጄ፣ አውርደው!»

«አልተሳሳትኩም አባዬ። ጥሬውን ሆስፒታል ይበላዋል፤ አክሲዮኑ ግን ይወረሳል።»