ከብርቱካኑ ሥር ያለው ሣር

ባለሙያችን ኩባ ተምሮ መምጣቱን የማያውቅ ሰው መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የለም። ለጥበቃዎቹ ሳይቀር ሰላምታ የሚሰጠው በስፓኒሽ ነው። ስለዚህ የፔሩ ገበሬዎች የብርቱካን እርሻችንን ሊጎበኙ ሲመጡ አስተርጓሚ ፍለጋ አልተንከራተትንም።

ያስቸገረችን "ማልች" የምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት። እርጥበት እንዳይተን፣ አረም እንዳይበቅል ከዛፍ ሥር የሚነጠፍ ደረቅ ሣር ማለት ነው። ባለሙያችን ሦስት መዝገበ ቃላትና የአንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቀ፤ ሰጠነው። በሳምንቱ "ስፓኒሽ ይህን ቃል አያውቀውም" የሚል ሪፖርት አስገባ። ለቋንቋው አዘንን።

በጉብኝቱ ቀን እንግዶቹ ሣሩን ገለጥ አድርገው ጠየቁ። ባለሙያችን በእጁም በእግሩም እያገዘ ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

እዚያው ስታርም የነበረች ወይዘሮ አስካለ የምትባል ሠራተኛ ቀና አለችና የሣሩን ስም በስፓኒሽ በአንዲት ቃል ጣል አደረገች። እንግዶቹ በደስታ ከበቧት። የምትለውን ሁሉ ይሰሟታል፤ የሚሉትን ሁሉ ትሰማለች።

"የት ተማርሽው?" አልኳት።

"ኩባ ነዋ! በደርግ ጊዜ በልጅነታችን ለትምህርት ወስደውን ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን ብርቱካን እርሻ ነበር የምንውለው።"

ከዚያ ባለሙያችንን ትክ ብላ አየችውና ፊቷ በራ።

"ውይ! አንተ ነህ እንዴ? እርሻ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ሁልጊዜ ሆድህን የሚያምህ! አሁንስ ተሻለህ?"