ለረታ የቆምን ሦስት ምስክሮች

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ የማንጎዋ ጥላ ለሁላችን ይበቃል። እኔ ፊደል ብዙም አልዘለቅሁም፤ ያየሁትን ግን አልረሳም።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነን። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ጸሐፊው ኳች ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እኛ ምስክሮቹ ከወዲህ፤ እኔ፣ የማኅበር ጓደኛዬ ውቤ እና ጎረቤታችን ሰአዳ። መቅደላዊት ከኋላችን ቆማለች። ተቀመጪ ብንላት እምቢ አለች።

መቅደላዊት ጀዊ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ወለል ታጸዳለች። ነርስነት ሁለት ዓመት ተምራ፣ ስትወልድ አቋርጣው ነበር። ዘንድሮ ኮሌጁ ልጅ ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች በነፃ አስተምራለሁ አለ፤ ስሟም ወጣ። የጎደላት አንድ ወረቀት ነው። የልጇ አባት ረታ መሞቱን ሦስት ሰው መስክሮ፣ ቀበሌ ማኅተም የሚያደርግበት። እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት ካላስገባች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

«ሬሳው ተገኝቷል?» አለ ኳች።

«አልተገኘም» አልኩ።

«መቃብርስ?»

«የለውም።»

«ለቅሶ ተቀምጣችኋል?»

አልተቀመጥንም። መቅደላዊት፣ «ሰው መንገድ ቢቆይ ይለቀስበታል ወይ?» ብላ ድንኳኑን አስፈርሳብናለች።

«ታዲያ ምን አይታችሁ ነው ሞተ የምትሉኝ?»

«ወንድሜ ኳች» አለ ውቤ፣ «ባሮ ወንዝ ሰው ሲወስድ ደረሰኝ አይቆርጥም።»

ኳች ሊስቅ ከጀለ፤ መቅደላዊትን አየና ተወው።

ሰአዳ ሻርፗን አጠበቀች። «ያየሁት እኔ ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት በክረምት፣ ኢታንግ ወንዙ ዳር ቲማቲም ዘርግቼ እሸጣለሁ። ረታ ኩሌ ካምፕ ግንበኛ ነበር፤ ውሎ በታንኳ ሲመለስ ታንኳው መሃል ላይ ተገለበጠ። ሁለት ሰው ዋኝቶ ወጣ። እሱን እስኪጨልም ቆሜ ጠበቅሁት። ወላሂ፣ አልወጣም።»

ኳች እስክሪብቶውን አነሳ። የቀበሌውን መዝገብ ገለጠና ስሙን ጮክ ብሎ አነበበ።

«ረታ ፈንታው።»

«አለ» አለች መቅደላዊት።

እሷም ያለችውን የሰማችው ከእኛ ኋላ ነው፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

«ምን አልሽ እህቴ?» አለ ኳች።

እሷ ምን አጠፋች? ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢው ማለት፣ ነኝ። በሰባ ሰባት ከወሎ አምጥተው እዚህ ሲያሰፍሩን ያቋቋምነው ማኅበር ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት እንሰበሰባለን፣ እኔ ስም እጠራለሁ። የመጣው «አለሁ» ይላል። የታመመና መንገድ የሄደ ከሆነ፣ ቤተሰቡ «አለ» ይልለታል፤ ድርሻው ይቀዳለታል። ረታ በጠፋ በመጀመሪያው ወር ስሙን ልዘለው ነበር። ቀና ስል መቅደላዊት ሕፃኗን ታቅፋ ፊት ለፊቴ ቆማለች። ጠራሁት። «አለ» አለች። ቀዳሁለት። ከዚያ ወዲያ ማቆሚያው ጠፋኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ጠራሁት፣ አምስት ዓመት ሙሉ «አለ» አለች። ማኅበርተኛው በእሱ ጽዋ ዙሪያ ቦታ እየተወ ይቀመጣል። ስንበተን ጽዋው ባዶ ነው። ማን እንደሚጠጣው አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ይህንኑ ለኳች ነገርኩት። ውቤ በክርኑ ጎሸመኝ፤ ግን ቃሉ አንዴ ካፌ ወጥቷል።

ኳች እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባባ፣ ባለፈው ወር ጠርተውት ዛሬ ሞተ ብለው ሊምሉ ነው? እኔ ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?»

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል። ወደ መቅደላዊት ዞርኩ።

«ልጄ፣ አንቺው በይው። ካንቺ አፍ ይስማ።»

«አልችልም አባቴ።» ድምጿ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። «እኔ ሞተ ካልኩት ቤቴ መልሶ አያስገባኝም። እርስዎ ይበሉልኝ።»

ተነሣሁ።

«ቅዱስ ሚካኤል ይየኝ» አልኩ፣ «ረታ ፈንታው ሞቷል። ስሙን ስጠራ የኖርኩት እሷን ፈርቼ ነው።» እውነቱ እዚያ ላይ እንዳላለቀ ታወቀኝ። «እሱንም ፈርቼ ነው። ብዘለው፣ ለምን ዘለልከኝ የሚለኝ ይመስለኛል።»

ኳች ወረቀቱን ሳበና መጻፍ ጀመረ። ውቤና ሰአዳ ፈረሙ፤ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ አሳረፍኩ። ኳች ማኅተሙን እፍ እፍ አለበትና መታው።

«በይ ሩጪ እህቴ» አላት፤ «ባጃጅ ካገኘሽ ትደርሻለሽ።»

ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ቀድማን የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት የተመታበትን በር ከፈተችልን፤ ካልያዙት ራሱ የሚዘጋ በር ነው። ሰአዳ ወጣች። ውቤ ወጣ። እኔም በከዘራዬ እየተደገፍኩ ወጣሁ። ከእኛ ሌላ የሚወጣ አልነበረም።

መቅደላዊት ግን በሩን አልለቀቀችውም። እንደ ረታ ረዘም ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበትን ያህል ይዛው ቆየች፤ ዓይኗም የሚያልፈውን ተከትሎ ወደ ደጅ ዞረ። ከዚያ በሩን በቀስታ መለሰችውና ወደ መንገዱ ሮጠች።

ልጆቼ፣ አንድ ቀን ታማችሁ ስትተኙ፣ ነጭ ለብሳ መርፌ ይዛ ብትመጣላችሁ፣ ስለ ባሏ አትጠይቋት። በሩን ይዛ የቆየችባትን ያችን የምታህል ጊዜ ግን፣ እባካችሁ፣ ረታን አስቡልኝ።