ሦስት ጊዜ በውሃ

ሮዙ ይመጣና ይጠፋል።

የዛህራ ግራ እጅ የቡሬቱ ቁልፍ ላይ ነው፤ በቀኟ ኮምጣጤ የያዘውን የመስታወት ፍላስክ ታዞራለች። ከቡሬቱ፣ ከረጅሙ ባለመስመር የመስታወት ቱቦ ጫፍ፣ አንድ ጠብታ ቤዝ ይወርዳል፤ ኮምጣጤው ውስጥ እንደ ትንሽ አበባ ይፈካል፤ ዙሩ ሳይሞላ ይከስማል። ውጭ ዝናብ ነው። የጉብሬ የሰኔ ከሰዓት ቀጥኖ ቡሬቱ ውስጥ ገብቷል፦ ባሕር ዛፎቹ፣ አመዳማው ሰማይ፣ በሩ ላይ ዝናብ የያዛት ሰማያዊ ባጃጅ።

ሌላ ጠብታ። አሁን ሮዙ አልሄደም።

ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከፈሳሹ ጋር ታስተካክልና የጎበጠውን ታችኛ ጠርዝ ታነባለች። ሃያ አራት ነጥብ ሰባት። የመጀመሪያው ሃያ አራት ነጥብ ሦስት ነበር።

"ሁለት ተቀራራቢ ቁጥር፣ ቢበዛ በቡሬቱ አንድ መስመር ልዩነት" ብለዋል መምህር ሀብቴ ፈተናው ሲጀመር። "ያላመጣ በሚመጣው ዓመት ከታናናሾቹ ጋር ይደግማል።" ማንም አልሳቀም። የዛህራ አባት ሸረፋ ደግሞ፣ ልጃቸው ሐምሌ ላይ እንደምትመረቅ ለቡታጅራ መስጊድ ሰው ሁሉ ነግረው ጨርሰዋል።

የታደላትን ኮምጣጤ ወደ ብርሃኑ ታነሳለች። ለሁለት ሙከራ ቢበቃ ነው።

"ዛሂ" ትላለች ከጎኗ የቆመችው ኤደን በሹክሹክታ። "የኔ ገና ከግማሽ በላይ ነው። ያንቺ የት ገባ? ጠጣሽው እንዴ?"

"ታጠብኩበት።"

"ኤደን!" ይላሉ መምህሩ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር። "ዛሬ የሚለካው ኮምጣጤ ነው፤ ወሬ በሌላ ቀን።"

ዛህራ የተናገረችው ለቀልድ ነበር። ቃሉ ግን አፏ ውስጥ ቀረ። ታጠብኩበት።

እጆቿን ታያለች። እነዚህ እጆች ቡሬቱን በቤዙ ሦስት ጊዜ አለቅልቀዋል፤ ልክ ነው። ፒፔቱን፣ መምጠጫውን ቱቦ፣ በኮምጣጤው ሦስት ጊዜ፤ እሱም ልክ ነው። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ፍላስኩንም በኮምጣጤው ሦስት ጊዜ አለቅልቀዋል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ያልታጠበ ነገር ለእነዚህ እጆች የታጠበ አይመስላቸውም።

ዝናቡ ይረዝማል። ትዝታዋ ወደ ልጅነቷ ይወስዳታል፦ ከቤታቸው ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር፣ አባቷ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ውሃ የምታፈስላቸው እሷ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። እጅ ሦስቴ፣ አፍ ሦስቴ፣ ፊት ሦስቴ። ያን ቀን ጉድጓዱ ደርቆ ስለነበር ማንቆርቆሪያውን ከጓዳ ሞልታ መጣች። አባቷ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ የወረደላቸው ነጭ ወተት ነው።

ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ንጹሕ ነው እኮ፣ አባ!"

"ንጹሕማ ነው፣ ልጄ። ግን ወተት ሲሄድ ራሱን ትቶ ይሄዳል። ምንም ሳይተው የሚሄደው ውሃ ብቻ ነው።"

ኮምጣጤውም ፍላስኩ ውስጥ ራሱን ትቶ በሚለካው ላይ ተጨምሯል። ዛህራ ፍላስኩን ትደፋለች። ጎኑ ሲጫን የሚተፋውን የተጣራ ውሃ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታነሳና በመስታወቱ ውስጥ ዙሪያውን ትረጫለች። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ከዚያ በፒፔቱ ሃያ አምስት ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ትመጥጥና እርጥቡ ፍላስክ ውስጥ ትለቃለች።

"አላደረቅሽውም!" ትላለች ኤደን።

"ውሃ ነው።"

ጠብታዎቹ ይወርዳሉ። ሮዙ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይቆያል። ሃያ ሦስት ነጥብ ስምንት።

አሁን የቀረው አንድ ብቻ ነው። እንደገና ሦስት ጊዜ በውሃ፤ እንደገና ኮምጣጤውን፣ እስከ መጨረሻው። ቡሬቱን እስከ ዜሮ ሞልታ ቁልፉን ትከፍታለች። መጨረሻው ሲቃረብ ጣቶቿ ይዘገያሉ። ጫፉ ላይ ግማሽ ጠብታ ተንጠልጥሏል፤ አይወድቅም። የፍላስኩን አፍ አስጠግታ ትነካዋለች፤ በመስታወቱ ግድግዳ ላይ ያረፈውን በትንሽ ውሃ ታወርደዋለች።

ፈሳሹ የሚታይ የማይታይ ሮዝ ይሆናል። እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች። አልጠፋም። ጎንበስ ትላለች።

መምህር ሀብቴ እስክሪብቷቸውን ይዘው ከጀርባዋ ቆመዋል። "እሺ፣ ዛህራ። ስንት አለ?"

"ሃያ ሦስት ነጥብ ስምንት፣ ቲቸር።"

"የበፊቱስ?"

"እሱም።"

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ትሰማለች፤ ዞር ብላ ግን አታይም። ከሮዙ በላይ፣ በፍላስኩ አንገት ውስጥ፣ ውሃው ጥቂት ጠብታዎች አንጠልጥሏል። አባቷ ከውዱእ ሲነሱ ፊታቸውን አይጠርጉም ነበር፤ ጠብታዎቹ እንዲህ ጢማቸው ላይ ቆይተው፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ ይወርዱ ነበር።