ከእስር ቤት የመጣው ካሴት

«አይዞህ ልጄ፣ እመጣለሁ» ብሎ በሳል የሚያበቃው ካሴት፣ ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሠራተኛ ታስሮ ከቀረው አባቱ የተረፈለት ብቸኛ ድምፅ ነው። እናቱ ያሳደገችው «አባትህ ከእስር ቤት የላከው ነው» እያለች እሱን እያሰማች ነው። በሚሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ማኅደር ውስጥ የአባቱ ድምፅ ያለበት ሌላ ቅጂ ይኖራል ብሎ፣ የማኅደሩን ቅጂዎች ቤቱ አምጥቶ፣ የማን ድምፅ እንደሆነ አመሳስሎ የሚለይ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ሊጭን ተነሳ።

«ተወው፣ ይቅርብህ» ብትለው እናቱን አልሰማትም።

ዊንዶውስ ላይ አልጫን አለው፤ ማክ ላይ ተጭኖ ደነዘዘ። «ይሄም ከአሳሪዎቹ ጋር አብሯል!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበው። ሊኑክስ ላይ ግን ሠራለት። ካሴቱን ሲያሰማው ፕሮግራሙ ከማኅደሩ አንድ ቅጂ አወጣ፤ የሬዲዮ ድራማ፣ ክፍል ሦስት። ያው ቃል፣ ያው ሳል።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ተዋናይ ነው!»

«አውቃለሁ» አለች እናቱ ቀና ሳትል። «በልጅነትህ ማልቀስህን የተውከው ግን በእሱ ነው።»